ስምንት ወር ከአር ኦ ማጣሪያዬ ጋር፦ ቡናማው ሄደ፣ ቀዩ ቀረ

ባህር ዳር ተቀምጦ የጨው ውሃ አኳሪየም መያዝ ትንሽ ዕብደት እንዳለበት አውቃለሁ። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «ጣና አፍንጫህ ሥር እያለ ባህር ሳሎንህ ውስጥ ምን ይሠራል?» መልስ የለኝም። ገንዳው 200 ሊትር ይይዛል፤ ሁለት ክላውንፊሽ፣ ቀንድ አውጣዎችና ጥቂት ለስላሳ ኮራል አሉበት። የዛሬው ጽሑፍ ግን ስለ እነሱ አይደለም። አልጌ ሲያንገሸግሸኝ ስለ ገዛሁት አር ኦ የሚባል የውሃ ማጣሪያ ነው። ከሐምሌ እስከ የካቲት ሠርቼበታለሁ። ዋጋውን አልናገርም፤ ባለቤቴ ይህን ታነባለች።

እስከ ሰኔ ድረስ ጨዉን የምበጠብጠው በቧንቧ ውሃ ነበር። ክሎር የሚያጠፋ ጠብታ ጣል አደርግበታለሁ፣ በቃ። አሸዋው ቡናማ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። መስታወቱን ዛሬ ብወለውለው በማግስቱ በጣት ስም ይጻፍበታል። ድንጋዩ አረንጓዴ ፀጉር አበቀለ። በግራ በኩል ጥጉ ላይ ደግሞ ቀይ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ዝልግልግ ነገር እንደ እርጥብ ጨርቅ ተነጠፈ። ቀን ቀን ጥቃቅን አረፋ ይቋጥራል። ጎረቤታችን ጋሼ አይተውት «እምቦጩ እዚህም ገባ እንዴ?» አሉኝ። ለቀልድ ነው ያሉት፤ ግን ብዙም አልሳቱም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን ያስቸገረው እምቦጭም የሚፋፋው ውሃው ውስጥ በሚገባ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው።

ያኔ ሦስቱንም «አልጌ» ብዬ በአንድ ስም ነበር የምጠራቸው። ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል። ቡናማው ዳያተም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፤ ቅርፊቱን የሚሠራው ውሃ ውስጥ ከሟሟ ሲሊካ፣ መስታወት ከሚሠራበት ማዕድን ነው። ባህር ዳር የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ ጥሎት በሄደው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ድንጋይ ሾልኮ የሚመጣ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ሲሊካ አያጣም። ፀጉር የመሰለው አረንጓዴም አልጌ ነው፤ ናይትሬትና ፎስፌት ካገኘ ማን ይችለዋል። ቀዩ ግን ከነጭራሹ አልጌ አይደለም። ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን የሚያበስል ባክቴሪያ። እኔ ለሦስቱም አንድ ማሽን ገዛሁ።

ማሽኑ አራት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ደለል ያስቀራል። ሁለተኛው ካርቦን ነው፤ ክሎሩን ይይዛል። ሦስተኛው ዋናው ሜምብሬን ነው፤ ውሃውን አሳልፎ የሟሟበትን የሚያስቀር ስስ ሽፋን። የመጨረሻው ሬዚን ነው፤ ከሜምብሬኑ ያመለጠውን የሚለቅሙ ጥቃቅን እንክብሎች። ካርቦኑን ሳይቀይሩ ማቆየት ያዋጣ ይመስላል፤ አያዋጣም። ክሎር ካመለጠ ሜምብሬኑን ይበላዋል፤ ውዱ ደግሞ እሱ ነው።

የገጠምኩት ዕለት ልቅሶ ቀርቶኝ ነው። ሳጥኑ «በቀን 280 ሊትር» ይላል። ጠዋት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅኜ ሥራ ሄድኩ፤ ማታ ስመለስ ገና ግማሽ አልደረሰም። ለካ ጉዳዩ ግፊት ነው። ሜምብሬኑ 3 ባር ገደማ ይፈልጋል፤ የኛ ሰፈር ቧንቧ ቀን ቀን ሕፃን ሲሸና ነው የሚመስለው። ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ ሲገባበት ነው ሰው የሆነው። ሻጩ ይህን ትንፍሽ አላለም። የምትገዙ ካላችሁ ፓምፑን አብራችሁ ግዙ።

ደለል ማጣሪያውም «ስድስት ወር ይቆያል» ተብሎልኝ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስከፍተው ነጩ ክር ሻይ በወተት መስሏል። በክረምት ሁለቴ ቀየርኩት፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ግን አላስቸገረኝም።

የሚያሳቅቀው የሚደፋው ውሃ ነው። ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ሦስት አራት ሊትር በሌላኛው ጎማ ይወጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ነውር ነው። በርሜል ገዛሁና ጎማውን እዚያ ውስጥ ከተትኩት። ያው የቧንቧ ውሃ ነው፣ ማዕድኑ ጠንከር ያለ ብቻ። ልብስ ይታጠብበታል፣ ቤት ይወለወልበታል፣ ጓሮ ያለው ማንጎ ይጠጣዋል። አሁን ባለቤቴ ራሷ «ማሽንህን አብራውማ፣ ላጥብ ነው» ትለኛለች።

ወደ ውጤቱ ልምጣ። በውሃው ውስጥ የሟሟውን የሚለካው ብዕር መሳይ መለኪያ ከቧንቧው 170 ያነበበውን ከማሽኑ በኋላ 2 ወይም 3 ያነባል። በሁለት ወር ውስጥ ቡናማው ድራሹ ጠፋ። አረንጓዴው ሳሳ፤ የቀረውን ቀንድ አውጣዎቹ ይግጡታል። ትልቁ ጥቅም የገባኝ በኋላ ነው። ከገንዳው በየቀኑ ሁለት ሊትር ያህል ይተናል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ የያዘው ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። በቧንቧ ውሃ ስሞላው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሊካና ናይትሬት እያጠራቀምኩ ኖሯል።

ቀዩ ግን ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ቦታው ለብቻው ሲቀርለት ባሰበት።

ጥቅምት ላይ አንድ ወዳጄ «ባክቴሪያ ከሆነማ ኤሪትሮማይሲን አለልህ» አለኝ፤ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ነው። እውነትም አለው። በሦስተኛው ቀን ቀዩ ጨርቅ ተበጣጥሶ ሟሟ። ያን ዕለት ማታ ዓሦቹ ውሃው ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። የሞተው ሁሉ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ጨርሶታል። በዚያ ላይ እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ውሃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን ባህር ጠለል ላይ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። የጨው ውሃ ሲሆን ከዚያም ይቀንሳል። የአየር ፓምፑን ሙሉ ለሙሉ ከፍቼ፣ መብራት ይጠፋል እያልኩ ሳልተኛ አደርኩ። ዓሦቹ ተረፉ። በወሩ ቀዩ ተመልሶ መጣ፤ እዚያችው ጥግ ላይ።

«እዚያችው ጥግ» የሚለው ነው ያነቃኝ። የሞገድ ፓምፑን ውሃ ድንጋዩ ይመልሰዋል፤ ጥጉ ጋ ሲደርስ ውሃው ይተኛል። የተረፈ ምግብ የሚጠራቀመውም እዚያ ነው። ምግቡ በረዶ የሆነ ሽሪምፕ ነው፤ እኔ ከፍሪጅ አውጥቼ እንዳለ ነበር የምወረውረው። አንድ ቀን በስኒ ውሃ አሟሟሁት። ስኒው ውስጥ የቀረው ነገር የሥጋ እጣቢ ነው የሚመስለው፤ የደፈረሰ፣ ሮዝ፣ የሚሸት። ወራት ሙሉ ውሃውን ከ170 ወደ 2 ሳወርድ ከርሜ፣ በሌላ እጄ ይህን እጨምርበት ነበር።

አሁን ምግቡን በሻይ ማጥለያ አጥቤ ነው የምሰጠው፣ በቀን አንዴ። ፓምፑን ወደ ጥጉ አዞርኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀዩን በቀጭን ጎማ እስበዋለሁ፤ እንደ ወተት ስልባቦት በአንድ ጊዜ ተገፎ ሲመጣ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። በስድስት ሳምንት ውስጥ ተንኮታኮተ።

ማሽኑን ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ፤ ለቡናማውና ለሚተነው ውሃ። ቀዩ ብቻ ላስቸገረው ሰው ግን መጀመሪያ ማጥለያ ይግዛ እለዋለሁ። ትናንት ሳይ ከድንጋዩ ጀርባ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቀይ ነገር አለች። ነገ ቅዳሜ ነው።