«ታድሷል» ተብሎ የሚሸጥ ካሊፐር ስትገዙ ቀለሙን አትመኑ

የፍሬን ካሊፐር (ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ሸራውን ከቸርኬው ጋር የሚዞረው ዲስክ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ አታውጡ።

እኔ የገዛሁት «ሙሉ በሙሉ ታድሷል፣ ከአዲስ አይለይም» ተብዬ ነው። ብርማ ቀለሙ ያብረቀርቃል። መካኒኬ ገጠመልኝና መንዳት ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን መኪናዋ ወደ ቀኝ መሳብ አመጣች። ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ዳር ይዤ ወረድኩና እጄን ወደ ቀኙ የፊት ቸርኬ አስጠጋሁ። ገና ሳልነካው ሙቀቱ መዳፌን ገረፈው። የግራው ለብ ያለ ብቻ ነበር።

ሲፈታ አብሬ ቆሜ አየሁ። መካኒኩ ፒስተኑን፣ ማለትም ሸራውን የሚገፋውን ድብልብል ብረት፣ ከአቧራ የሚከልለውን ላስቲክ በካቻቪቴ ጫፍ ገለጥ አደረገው። ከስሩ ያለው ፒስተን ዝገት በልቶታል፤ ጣት ሲያርፍበት ይሻክራል። ላስቲኩ ራሱ ላይ ብርማ ቀለም ተረጭቷል። ነገሩ ያኔ ገባን። ካሊፐሩ በትክክል ታድሶ ቢሆን ኖሮ ላስቲኩ ከቀለሙ በኋላ በአዲስ ይገባ ነበር፣ ንጹህ ጥቁር ሆኖም ይታይ ነበር። ይሄ ግን ሳይፈታ ነው የተቀባው።

ይህን ያህል ለምን እንደተናደድኩ እንዲገባችሁ የካሊፐርን ሥራ ልንገራችሁ። ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱ በቱቦ ውስጥ ተጭኖ ካሊፐሩ ጋ ይደርሳል። እዚያ ያለውን ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ ሸራውን ዲስኩ ላይ ይጫናል። መርገጡ ላይ ሁላችንም እናተኩራለን። ችግሩ ያለው ግን መልቀቁ ላይ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልስ ስፕሪንግ የለም። የሚመልሰው ፒስተኑን ዙሪያውን የያዘው ጎሚኒ ነው። ስትረግጡ አብሮት ይለጠጣል፣ ስትለቁ ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል። ርቀቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጎሚኒው ከደረቀ ወይም ፒስተኑ ከዛገ ሸራው ዲስኩን እንደነከሰ ይቀራል።

እሱ ነው ሙቀቱን ያመጣው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከፈላ እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎት ይጨመቃል፣ ዘይት ግን አይጨመቅም። ስለዚህ ትረግጣላችሁ፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። ቁልቁለት ላይ ሆናችሁ አስቡት።

ስትገዙ ይህንንም ፈትሹ፦ ተንሸራታች ካሊፐር ከሆነ የሚመላለስባቸውን ሁለት ፒኖች በእጃችሁ ግፉ፣ ሳቡ። ያለ ትግል መሄድ አለባቸው። የእኔ አንዱ ደርቆ ተጣብቆ ነበር። የውስጡና የውጪው ሸራ እኩል ካላለቁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄው ነው።

አንድ ሌላ ነገር፦ የግራውን ለቀኝ የሚሸጥም አለ። «ያው ነው፣ ይገጥማል» ይላችኋል። እውነትም ይገጥም ይሆናል። ግን የአየር ማስወጫዋ ቡሎን ወደ ታች ትሆናለች። ዘይቱ ውስጥ የገባ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ቡሎኗ ሁልጊዜ ከላይ መሆን አለባት።

ደግሞ የያዘ ፍሬን ሁሉ የካሊፐር ጥፋት አይደለም። ተጣጣፊው የጎማ ቱቦ ከውስጥ ሲያብጥ ዘይቱን ያሳልፋል እንጂ አይመልስም። ምልክቱ ከተበላሸ ካሊፐር ጋር ተመሳሳይ ነው። ካሊፐር ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አስፈትሹ።

ሻጩ ጋ ስመለስ «ገጣሚው ነው ያበላሸው» አለኝ። ዋስትናውን በቃል ነበር የሰጠኝ። እናንተ በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ላስቲኩንም ገልጦ ፒስተኑን ካላሳያችሁ ትታችሁት ውጡ። አሮጌውን ካሊፐራችሁንም ቶሎ አሳልፋችሁ አትስጡ። እኔ ሻጩ «አሮጌውን ስጠኝና ዋጋ ልቀንስልህ» ብሎ ሲጠይቀኝ ሰጠሁት። መካኒኬ በኋላ እንደነገረኝ የእኔው አካሉ ደህና ስለነበር ፒስተንና ጎሚኒ ብቻ ይበቃው ነበር።