የመኪና ውድድር ጨዋታ ለቤት ኮምፒውተር ሲመረጥ፦ ከሥዕሉ በፊት ጎማው

የመኪና ውድድር ጨዋታ ሊገዛ የተነሳ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሥዕሉ ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያዬን የመረጥኩት የዝናብ ጠብታ በፊት መስታወቱ ላይ እየተንኳለለ ሲወርድ የሚያሳይ ማስታወቂያ አይቼ ነበር። ጨዋታውን ጭኜ፣ መሪና ፔዳሉን ሰክቼ ስነዳው ግን መኪናው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረረ ኩርባ ውስጥ ገብቶ፣ ሐዲድ ላይ እንዳለ ባቡር ምንም ሳይንገዳገድ ወጣ፤ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል እንጂ የሚነግረኝ ነገር አልነበረውም። ጨዋታው መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ለመዝናናት የተሠራን ነገር መንዳት ፈልጌ መግዛቴ የራሴ ስህተት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን እውነተኛ ነኝ የሚለውን ጨዋታ ሁሉ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ጎማው አስፋልቱን ሊለቅ ሲል እጄ ቀድሞ ያውቃል፣ ወይስ ከለቀቀ በኋላ ዓይኔ ነው የሚያየው?

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ላስረዳ። መኪና ኩርባ ሲይዝ የፊት ጎማዎቹ የዞሩበት አቅጣጫና የሚጓዙበት አቅጣጫ አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው የጥቂት ዲግሪ ልዩነት አለ፤ ጎማው መኪናውን ወደ ጎን የሚስብበትን ኃይል የሚያገኘውም ከዚሁ ልዩነት ነው። ልዩነቱ እየሰፋ ሲሄድ ጎማው አስፋልቱን የሚቆነጥጥበት ኃይል ይጨምራል፣ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያም መቀነስ ይጀምራል። መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው ጉልበት ደግሞ ከዚያ ጫፍ ትንሽ ቀደም ብሎ ይላላል። በእውነተኛ መኪና ላይ መሪው ከብዶ ከብዶ በድንገት ቀለል ሲል፣ ልምድ ያለው ሹፌር የፊት ጎማው ሊከዳው መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሥዕል በሰከንድ 60 ጊዜ ቢታደስ ለዓይን ይበቃል፤ ለጎማ ስሌት ግን አይበቃም፤ ወደ ኋላ ከማነሳቸው ጨዋታዎች አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ የመኪናውን እንቅስቃሴ በሰከንድ 400 ጊዜ፣ ቢም ኤንጂ ድራይቭ ደግሞ 2000 ጊዜ ያሰላሉ። ይህ ስሌት የሚሠራው በዋናነት በፕሮሰሰሩ እንጂ በግራፊክስ ካርዱ ስላልሆነ፣ ገንዘቡን ሁሉ ካርዱ ላይ ያፈሰሰ ሰው የሚያምር ነገር ያያል እንጂ የተሻለ ጎማ አያገኝም።

በዚህ ሚዛን መጀመሪያ የምመክረው የጣሊያኑ ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን አሴቶ ኮርሳን ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን ጨዋታ መምከሬ የሚያስገርመው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ዕድሜው ግን ለገዢው በጅቶታል፤ መካከለኛ በሚባል ኮምፒውተር ላይ ሳይንቀራፈፍ ይሄዳልና። ከጨዋታው ጋር ከሚመጡት ትራኮች ብዙዎቹ በሌዘር ተለክተው ስለተሠሩ የእውነተኛው አስፋልት እብጠትና ስርጉድ ሳይቀር ከመሪው ይሰማል። በተለይ በተጨማሪ ጥቅል የሚመጣውን፣ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የጀርመኑን የውድድር መንገድ ኖርድሽላይፈን የነዳ ሰው አስፋልት ጠፍጣፋ ነገር እንዳልሆነ ይገባዋል።

እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ሙከራ ግን ቀለል ያለ ነው። የጣሊያኑን ትራክ ሞንዛን እመርጣለሁ፤ ኤቢኤስን (ፍሬን ሲያዝ ጎማ መሽከርከሩን እንዳያቆም የሚጠብቀውን) እና ሌሎቹን የመንጃ እርዳታዎች በሙሉ አጠፋለሁ፤ የተራ መንገድ ጎማ ያለውና ጉልበቱ ያልበዛ መኪና እወስዳለሁ። ከመነሻው ረጅም ቀጥታ መጨረሻ ላይ ወደ ቀኝ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ግራ የሚታጠፍ ጠባብ ቦታ አለ። እዚያ ስደርስ ፍሬኑን አጥብቄ ስረግጥ የፊት ጎማዎቹ ታስረው መሽከርከራቸውን ያቆማሉ፤ መሪው በዚያው ቅጽበት ባዶ ይሆናል፤ ብጠመዝዘውም መኪናው ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። እግሬን የጣት ውፍረት ያህል ሳነሳለት ጎማው ይፈታል፣ መሪው ክብደቱን መልሶ ያገኛል፣ የመኪናው አፍንጫ ወደ ቀኝ ይዞራል። በሚቀጥለው ዙር ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ሳልለቅ ቀስ በቀስ እያላላሁ ወደ ኩርባው ከገባሁ፣ ክብደቱ ፊት ላይ ስለሚቆይ መኪናው እሺ ብሎ ይታጠፋል፤ ካበዛሁት ግን የኋላው ቀልሎ ይዞርብኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ይህን ሁሉ በእጄ እለያለሁ ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ከዚያ ብዙም አይርቅም። ማስታወቂያው ያታለለኝ ያ ጨዋታ በዚሁ ቦታ ላይ ያደረገው ነገር ቢኖር ፍጥነቱን መቀነስ ብቻ ነበር።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። አሴቶ ኮርሳ በራሱ ዝናብም ሆነ ሌሊት የለውም፤ እነዚህ የሚገኙት ወዳጆቹ በሠሩት ከስተም ሼደርስ ፓች በሚባል ተጨማሪ ነው። ሞዶቹ፣ ማለትም ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው የሚጨምሯቸው መኪኖችና ትራኮች፣ ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ጥራታቸው ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ በዓመታት ልፋት የተሠራ ሲሆን ሌላው ከውጭ ቆንጆ ቅርጽ ለብሶ ከሥር የሌላ መኪና ጎማ ተለጥፎበት የሚመጣ ነው። ስለዚህ አዲስ ገዢ ሞድ ከመጫኑ በፊት ከጨዋታው ጋር የመጡትን መኪኖች ለጥቂት ሳምንት ቢነዳ መልካሙን ከመጥፎው የሚለይበት እጅ ያበጃል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ታናሽ ወንድሙ፣ አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ፣ ጠበብ ያለና ጥልቅ ነው። ጂቲ3 የሚባለውን ምድብ የውድድር መኪኖች ማዕከል አድርጎ ዝናብን፣ ሌሊትን፣ የጎማ ግፊትንና ሙቀትን በቁም ነገር ይይዛል። የአንድ ሰዓት ውድድር ከመነሻ እስከ መድረሻ በትዕግሥት መጨረስ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ ዛሬ ፌራሪ ነገ የቆየች ትንሽ መኪና መንዳት ለሚያምረው ግን ቶሎ ይሰለቸዋል፤ ኮምፒውተሩንም ከታላቁ የበለጠ ያስጨንቃል። የብራዚሉ ሪዛ ስቱዲዮስ አውቶሞቢሊስታ 2 በዓይነት ብዛት ይህን ክፍተት ይሞላል። አርፋክተር 2 ከሚባል ቀደምት ጨዋታ የተወለደው ለማን አልቲሜት ደግሞ ለጽናት ውድድር፣ ማለትም ለብዙ ሰዓት ለሚነዳ ውድድር፣ ወዳጆች ነው፤ መኪኖች ደጋግመው ባለፉበት መስመር ላይ የጎማ ላስቲክ እየተቀባ አስፋልቱ ይበልጥ የሚቆነጥጥ መሆኑን ጭምር ያሰላል።

ከሰው ጋር መወዳደር የሚፈልግ ሰው ምርጫ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው አይሬሲንግ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያልቅ ሳይሆን በየጊዜው የሚከፈልበት ነው፤ ከመነሻው ጥቅል ውጭ ያሉት መኪኖችና ትራኮችም ለየብቻ ይገዛሉ። በምትኩ የሚያገኙት ሥርዓት ነው፤ ውድድሮቹ በየሰዓቱ በመርሐ ግብር ይካሄዳሉ፣ ተጋጭቶና ከመስመር ወጥቶ የሚነዳ ሰው የደኅንነት ነጥቡ ይወርዳል፣ በጨዋታው ውስጥ ያለው የመንጃ ፈቃዱም ከፍ ሊል አይችልም። በሌሎች ጨዋታዎች ማንም በሚገባበት የኢንተርኔት ውድድር ገብቶ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከኋላ ተገጭቶ የወጣ ሰው ይህ ሥርዓት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ይገባዋል። ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥበት ሰው ግን ባይሞክረው ይሻላል፤ መኪናው በሌሎች ስክሪን ላይ እየዘለለ ሲታይ ነጥብ የሚያጣው እሱ ብቻ አይሆንም።

በኮረኮንች ለሚደሰት ሰው ደርት ራሊ 2.0 ጥሩ መነሻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሪቻርድ በርንስ ራሊ እስከ ዛሬ በወዳጆቹ እየታደሰ መነዳቱም ስለ ፊዚክሱ ይመሰክራል። ቢም ኤንጂ ድራይቭን ከውድድር ጨዋታ አልቆጥረውም፤ መኪና ሲጋጭ ፓራውርቲው እንዴት እንደሚጨማደድ ማየት ለሚፈልግ ግን ተወዳዳሪ የለውም።

እነዚህን ሁሉ በኪቦርድ መሞከር በምግብ ሽታ ለመጥገብ መሞከር ነው፤ ስለዚህ ስለ መሪው ጥቂት ልበል። ሞተሩ በጥርሳማ ማርሽ የሚያሽከረክረው መሪ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ መንኳኳቱ ግን ይሰማል፤ በቺንጊያ የሚሠራው ለስላሳ ነው፤ ሞተሩ በቀጥታ ከመሪው ዘንግ ጋር የተያያዘበት ደግሞ ከሁሉም በላይ ዝርዝር ያስተላልፋል። እኔ ለብዙ ዓመት ባለ ጥርሱን ይዤ ስለቆየሁ ማንንም ወደ ውዱ አልገፋም፤ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ፍሬኑን፣ የእግርን ርቀት ሳይሆን ጫናን በሚለካ ፔዳል መቀየር ይሻላል። ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የሚበድለው ማስተካከያውን ነው። የመሪው ኃይል እስከ መጨረሻ ከተከፈተ ጨዋታው የሚልከው ጉልበት ከሞተሩ አቅም ያልፍና ጫፉ ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ መካከለኛውም ከባዱም ኩርባ እኩል ይሰማሉ፣ ያ ቀለል የሚልበት ቅጽበትም ይጠፋል። መሪው የደከመ እስኪመስል ድረስ ኃይሉን መቀነስ ብዙ ጊዜ የጎማውን ስሜት ይመልሰዋል። የእይታ ማዕዘኑም፣ ማለትም ስክሪኑ የሚያሳየው የጨዋታው ዓለም ስፋት፣ እንዲሁ ነው፤ ባለ 27 ኢንች ስክሪን ከዓይን 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ከላይ ወደ ታች ትክክለኛው ማዕዘን 31 ዲግሪ ገደማ ነው። መጀመሪያ ላይ በቁልፍ ቀዳዳ የማየት ያህል ይጠባል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ግን ፍሬን የሚያዝበት ቦታ በራሱ ይታወቃል።

ስቲም ከሚባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር የሚገዛ ሰው ጨዋታውን በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውቶበት ከሆነ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ጨዋታው ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ስለሆነ መሪውን ማስተካከልም ከዚያው ላይ ይቀነሳል፤ የመሪውን ሶፍትዌር አስቀድሞ መጫን፣ የእይታ ማዕዘኑንም በወረቀት አስልቶ መያዝ፣ ከዚያ አንድ መኪናና አንድ ትራክ ብቻ መርጦ ፍሬን የሚያዝበትን ያንን አንድ ኩርባ መደጋገም ነው።