የካፍካ «ሜታሞርፎሲስ»፦ ለሬዲዮ ወይስ ለመድረክ?

የፍራንዝ ካፍካ አጭር ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1915 ታተመ። እየዞረ ጨርቅ የሚሸጠው ግሬጎር ሳምሳ አንድ ጠዋት ግዙፍ ተባይ ሆኖ ይነቃል። ካፍካ አሳታሚውን አደራ ብሎ ነበር፤ ተባዩ ሽፋኑ ላይ ከሩቅም ቢሆን እንዳይሳል።

ይህን አደራ ሳይቸገር የሚጠብቀው ሬዲዮ ነው። ግሬጎር ከተዘጋው በር ጀርባ ሆኖ ከመሥሪያ ቤት ለመጣው ኃላፊ ሲያስረዳ አስቡት። ለራሱ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማዋል። ውጭ ያሉት የሚሰሙት ግን የእንስሳ ድምፅ ነው። ሬዲዮ ላይ ማይክራፎኑን አንዴ ከክፍሉ ውስጥ፣ አንዴ ከበሩ ውጭ ማድረግ ይበቃል። ያው ንግግር መጀመሪያ ልመና፣ ቀጥሎ ሲጥ ሲጥ ሆኖ ሲመጣ አድማጩ ክው ይላል። መድረክ ላይ ይሄ በጣም ይከብዳል፤ ተዋናዩ ፊት ለፊት ቆሟላ!

እኔ ሬዲዮን እመርጣለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን እጄን እሰጣለሁ። እንግሊዛዊው ተዋናይ ስቲቨን በርኮፍ እ.ኤ.አ. በ1969 ለንደን ውስጥ ግሬጎርን ሆኖ ሲጫወት የተባይ ልብስ አልለበሰም። በብረት ማዕቀፍ ላይ እየተንጠላጠለ በሰውነቱ ብቻ አሳየው። አባትየው የወረወረው ፖም ጀርባው ላይ ሲሰካ ሬዲዮ ከ«ጧ» አያልፍም። መድረክ ላይ ያ ጀርባ ሲኮማተር በዓይናችሁ ታያላችሁ።