የድሮ አማርኛ ፋይላችሁን «ወደ ዩኒኮድ እንቀይራለን» ለሚል ሁሉ አትስጡ

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። መተዳደሪያ ደንባችንና የአባላት መዝገባችን በ1992 ዓ.ም. በዊንዶውስ 98 የተጻፉ ናቸው፤ 86 ገጽ። ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ኮድ ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር፣ እንዲቀየርልን ለአንድ ኮምፒውተር ቤት 2,500 ብር ከፈልን። ቤቴ ገብቼ ፍላሹን ስከፍተው ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ነው። ተመልሼ ብጠይቅ «ፋይላችሁ ድሮም የተበላሸ ነበር» አሉኝ። ብራችንንም አልመለሱም።

ውሸት ነው። ከመስጠቴ በፊት ከፍቼ አንብቤዋለሁ።

ዩኒኮድ ፊደላችንን ያካተተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የሚባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ለኮምፒውተሩ የፈረንጅ ፊደል ነው፤ «ሀ» አድርጎ የሚያሳየን ፎንቱ ነው። አንድ ፎንት ደግሞ ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው። ፊደላችን ከነዲቃላዎቹና ከነቁጥሩ አይበቃውም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፈሉት። ያው አንድ ኮድ በአንዱ ፎንት «መ»፣ በሌላው «ቋ» ሊሆን ይችላል። የእኛ ፋይል ሁለት ፎንት ነበረው።

የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ያኔ አልገባኝም እንጂ። ከዎርድ ኮፒ አድርጎ ኖትፓድ ላይ ፔስት አደረገው። ኖትፓድ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ አይዝም፤ ሁለቱ ፎንቶች እዚያው ተደበላለቁ። ከዚያ በመቀየሪያ ፕሮግራም አሳልፎ ያንኑ በዊንዶውስ ኤክስፒ ኖትፓድ ሴቭ አደረገ። ኤክስፒ ካልነገራችሁት በስተቀር የሚመርጠው አንሲ የሚባለውን የድሮ የፊደል ኮድ አሠራር ነው። አንሲ ውስጥ ደግሞ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የለም። ፊደሎቹ ይጠፋሉ ብሎ ኖትፓዱ አስጠንቅቆት ነበር፤ ልጁ ሳያነብ ኦኬ አለ። በጣም ያናደደኝ ግን ዋናውንም ከፍላሹ ላይ ማጥፋቱ ነው።

እባካችሁ፣ ኮፒውን እንጂ ዋናውን አትስጡ። በስንት ፎንት እንደተጻፈ ሳይጠይቅ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ሥራውን አያውቅም። ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊትም እዚያው አስከፍታችሁ እዩ። ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ከታየ አትደንግጡ፤ ፎንት ስለሌለ ነው። ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፣ ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፎንት የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ላይዋ ምልክት ያለባት የላቲን «ኤ» (á) በየሦስተኛው እየተመላለሰች ካያችሁም ጽሑፉ አለ። ዩኒኮድ ፋይል ላይ የሚቀመጥበት ዩቲኤፍ-8 የሚባለው አሠራር ለአንድ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው እሷ የምትደጋገመው። በትክክለኛው ኢንኮዲንግ፣ ማለትም በዩቲኤፍ-8፣ መልሶ መክፈት ይበቃል። ፋይሉ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ከገባ ግን አለቀ። «1,000 ብር ጨምሩና እናስመልሰዋለን» ብለውኝ ነበር፤ ከየት አምጥተው? እናንተም እንዳትሰሟቸው።

እኛ አሁን ከታተመው ወረቀት ላይ እንደ አዲስ እየጻፍን ነው። ገጽ 31 ደርሰናል።