የጓደኛ ልደት በመክሰስ ሰዓት፦ ሆቴል፣ የሠፈር ካፌ ወይስ ቤት?

ከየካ አባዶም፣ ከአራብሳም፣ ከኮዬ ፈጬም የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «የጓደኛዬ ልደት ደርሷል። ድግስ አንፈልግም። ሁለታችን ብቻ ሻይ ጠጥተን፣ ኬክ ቆርሰን ብንጫወት የት ይሻላል?» መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ ቤት ይሻላል። ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ደግሞ በጣም ይሻላል። ሆቴል የሚመርጥ ካለ አልጣላውም፤ ግን መጀመሪያ ሂሳቡን አብረን እናስላ።

መሃል ከተማ ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ «አፍተርኑን ቲ» የሚባል ነገር አለ። ባለ ሦስት ደርብ ሳህን ይመጣል። ታች ትንንሽ ሳንድዊች፣ መሃል ስኮን የሚሉት ትንሽ ዳቦ፣ ላይ ጣፋጭ። ልማዱ የእንግሊዞች ነው። በ1840 እ.ኤ.አ. ገደማ የቤድፎርድ ዱቼስ (የመስፍን ሚስት) የነበረችው አና፣ ምሳና እራት ሲራራቅባት እየራባት ያስጀመረችው ነው ይባላል። እኛ መክሰስ ስንበላ የኖርነው የዱቼስ ፈቃድ ሳንጠይቅ ነው።

ወደ ዋጋው። ሜኑ ላይ የምታዩት ቁጥር የምትከፍሉት ቁጥር ላይሆን ይችላል። ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካለ ወይም ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ካለ፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ይመጣል ማለት ነው። ቫቱ ሰርቪሱም ላይ ስለሚሰላ ጭማሪው 25 በመቶ አይደለም፤ 26.5 በመቶ ነው። ሜኑው 1,500 ብር ቢል ለአንድ ሰው 1,897 ብር ከ50 ሳንቲም ትከፍላላችሁ። ለሁለት 3,795 ብር። ቲፕ አልደመርኩም። ከውጭ ኬክ ይዞ መግባት የሚከለክልም፣ የሚያስከፍልም ቤት ስላለ እሱንም ቀድሞ መጠየቅ ነው።

መንገዱ ደግሞ አለ። እኛ ሠፈር ራይድ ጠርቶ ቦሌ ወይም ካዛንቺስ ደርሶ መመለስ፣ እኔ እንደከፈልኩት ከሆነ፣ ከ1,400 ብር ብዙም አይወርድም። በታክሲ እንሂድ ካላችሁ ይረክሳል፤ ግን ሰዓቱን አስቡት። ሻይ የሚጠጣው 10 ሰዓት ላይ ነው። ጨዋታው ሞቅ ሲል 11 ተኩል ይሆናል። ያኔ ወጥታችሁ የምትቀላቀሉት ከሥራ የሚወጣውን ሕዝብ ነው። የልደት ልብስ ለብሶ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጎ አያት ድረስ ቆሞ መሄድን የሞከረ ያውቀዋል። ባቡሩም በዚያ ሰዓት መፈናፈኛ የለውም። ከአያት በኋላ ደግሞ ሌላ ታክሲ አለ።

ልደቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለና ጓደኛችሁ የምትጾም ከሆነ ባለ ሦስት ደርቡ ሳህን ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስኮኑ ቅቤና ወተት አለው። ክሬሙም፣ እንቁላሉም፣ አይቡም እንዲሁ። እሷ ኪያር ስትበላ ሂሳቡ ግን ያው ሙሉ ነው። የጾም አለ ወይ ብላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ደውሉ፤ ደርሳችሁ ብትጠይቁ አስተናጋጁ ኩሽና ደርሶ ይመለስና ፍራፍሬ ያቀርብላችኋል።

ሻዩ ራሱስ? አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ያ ውሃ ከኩሽና ጠረጴዛ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ክር ያለው የሻይ ከረጢት ይነከርበታል። ቀለም ይኖረዋል፤ ጣዕሙ ግን ሳሳ ይላል። እናቶቻችን ሻይ ቅጠሉን ከውሃው ጋር እሳት ላይ የሚያንተከትኩት ለከንቱ አይደለም። በዚህ ከፍታ ቅጠሉ እሳት ይፈልጋል።

የሠፈር ካፌን ቶሎ ልለፈው። ርካሽ ነው፤ ለሁለት ሻይና ሁለት ቁራጭ ኬክ ከ400 ብር ባነሰ ወጥቻለሁ። ቅርብም ነው። ችግሩ መቀመጫው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ካለ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል። ሻያችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ካላዘዛችሁ አስተናጋጇ ጠረጴዛውን ደጋግማ መወልወል ትጀምራለች። ለግማሽ ሰዓት ወሬ ይበቃል፤ ለልደት አይበቃም። እንጦጦ ፓርክ የሚሉም አሉ። በጥቅምትና በኅዳር ያምራል። ግን ከሰዓት በኋላ ይበርዳል፣ ክረምት ላይ ዝናቡ አይለቅም፣ ከእኛ አቅጣጫ ደግሞ መንገዱ ሩቅ ነው።

እንግዲህ ቤት። ቤት ስል ዝም ብሎ ሻይ አፍልቶ መጠበቅ አይደለም። ሁለት ነገር በደንብ መግዛት ያስፈልጋል፤ ኬክና ፔርሙዝ።

ኬኩን ከሠፈር ግዙ። መሃል ከተማ ያለ ስም ያለው ቤት ለአንድ ኪሎ 1,600 ብር ሲጠይቀኝ እዚህ በ900 ገዝቻለሁ። ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ይተርፋል፤ 450 ብር። በዚያ ላይ በኮብልስቶን መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ የመጣ ኬክ አበባው በአንድ ወገን ተደርምሶ ነው የሚደርሰው።

የስልክ ፎቶ አሳይቶ ማዘዝን ግን ተጠንቀቁ። አንድ ቤት ለእህቴ ልደት ፎቶው ላይ ያለውን እሠራለሁ ብሎ ቀብድ ተቀበለኝ። የመጣው ከውጭ ያንኑ ይመስላል። ሲቆረጥ ክሬሙ ማርጋሪን ነው፤ ምላስ ላይ እንደ ሰም ይለጠፋል። ዳቦው ደግሞ በሽሮፕ ርሶ ውሃ ያንጠባጥባል። ኬክ በኪሎ እንደሚሸጥ አትርሱ፤ ሽሮፕም ይመዝናል። ከሥሩ ያለው ወፍራም ካርቶንም አብሮ ሚዛን ላይ ወጥቷል። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ከዚያው ቤት አንድ ቁራጭ ገዝታችሁ ቅመሱ። ክሬሙ አፍ ውስጥ ቶሎ ከቀለጠ ደህና ነው። ካርቶኑ ለብቻው ይመዘን በሉ። ሻጩ ቅር ካለው ሌላ ኬክ ቤት አለ።

የጾም ኬክ ከሆነ ደግሞ ጌጥ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ያለ እንቁላል የተሠራ ዳቦ ከባድ ክሬም ሲጫንበት ይፈርሳል። እኔ ብርቱካን ወይም ሙዝ ያለበትን፣ ላዩ ባዶ የሆነውን እመርጣለሁ። ስሟን ፊደል ሳይሳሳቱ ከጻፉላችሁ ሌላ አትጠይቁ።

አሁን ወደ ፔርሙዙ። «ለአንድ ልደት ፔርሙዝ?» አትበሉኝ። እኛ ሠፈር መብራት የሚጠፋው እንግዳ በር ሲያንኳኳ ነው። ጠዋት መብራት ሳለ ያፈላችሁት ሻይ 10 ሰዓት ላይ ትኩስ ከሆነ ልደቱ ተረፈ ማለት ነው። እየተነሳችሁ ኩሽና መመላለስም ይቀራል። ወሬ የሚቋረጠው እዚያ ነው።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ ውስጡ ጠርሙስ የሆነና ሁለመናው ብረት የሆነ። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ መላ ነው። ሁለት ግድግዳ አላቸው፤ በመሃሉ ያለው አየር ተመጥጦ ወጥቷል። አየር ከሌለ ሙቀት መሻገሪያ አያገኝም። የጠርሙሱ ደግሞ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቅብ አለውና ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ሻጮች ብረቱ ይሻላል ይሏችኋል፤ ትርፉ እሱ ላይ ስለሆነ ይመስለኛል። ለቤት የእኔ ምርጫ ጠርሙሱ ነው። ደህናውን በ1,400 ብር ገዝቼዋለሁ። ደህና የብረት ፔርሙዝ 3,000 ብር ተጠይቄበታለሁ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ አንድ ቦታ አልረጋም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ልዩነቱን ያዙ። ብረቱ ከእጥፍ በላይ ነው።

ዋናው ነገር ግን ጥገናው ነው። ጠርሙሱ ሲሰበር ፔርሙዙ አይጣልም። የውጭ ቀፎውን ይዛችሁ መርካቶ የቤት ዕቃ ከሚሸጥበት ትሄዳላችሁ፤ በልኩ የውስጡን ጠርሙስ ብቻ ይሰጧችኋል። እኔ የአዲሱን ዋጋ ሲሶ ያህል ነው የከፈልኩት። ቀፎውን ሳትይዙ አትሂዱ፤ በዓይን ግምት የተገዛ ጠርሙስ ወይ አይገባም ወይ ገብቶ ይንኳኳል። ከታች ያለችው ትንሽ ጎማም አትጥፋባችሁ። ጠርሙሱ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው፤ ያለ እሷ ሁለት ሳምንት አይከርምም።

ብረቱ ግን ከተበላሸ አበቃ። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የታወቀ የጃፓን ስም ተለጥፎበት ነበር። 24 ሰዓት ሙቀት ይይዛል ይላል። ጠዋት የሞላሁት ምሳ ሰዓት ላይ ለብ ብሎ ቆየኝ። ዕቃ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ከሥር ያለውን ክዳን አንስቶ ሲያየው በሁለቱ ቆርቆሮ መሃል ስፖንጅ ነው የተጠቀጠቀው። «ይሄ ፔርሙዝ ሳይሆን ኮዳ ነው፣ እህቴ። የሚጠገን ነገር የለውም» አለኝ። ሱቁ ደግሞ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ወረቀት ለጥፏል።

አስመስሎ የተሠራውን ለመለየት የተለጠፈውን አታንብቡ። የፈላ ውሃ አድርጉበት። ሱቆቹ አካባቢ ሻይ የምታፈላ ሴት አትጠፋም። አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ግዙ፣ ፔርሙዙ ውስጥ ጨምሩ፣ ክደኑና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ወገቡን በእጃችሁ ዳብሱት። ሞቅ ካለ ሙቀቱ እየወጣ ነው፤ አስቀምጡትና ሂዱ። ውሃ አይጨመርበትም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል። የጠርሙሱን ደግሞ ከፍታችሁ ውስጡን በስልክ ባትሪ እዩት፤ ቅቡ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ ሌላ አስወጡ። ከላይ እየተጫኑ የሚቀዱትን አልመክርም። ሲያዩት ያምራል፤ የፓምፑ ጎማ ሲደርቅ ግን አየር ብቻ ይተነፍሳል፤ ልኩን ጎማ ፈልጎ ማግኘትም መከራ ነው።

ሻዩን እንዲህ አድርጉት። ቀረፋና ቅርንፉዱን፣ ካላችሁም ሄሉን፣ ከውሃው ጋር ቀድማችሁ አፍሉ። ሻይ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። የዉሽዉሽ ቅጠል ለእኔ ይበቃኛል፤ ከካፋ ድረስ የመጣ ሻይ እያለ ከውጭ የመጣ ቆርቆሮ ላይ ገንዘብ አልጨርስም። ሳይመር አውርዱና አጥልሉ። ቅጠሉ ፔርሙዝ ውስጥ ከገባ 10 ሰዓት ላይ የምትጠጡት ኮሶ ነው። ፔርሙዙን በቅድሚያ በሙቅ ውሃ አለቅልቁት፤ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ የፈላ ነገር መገልበጥ ያሰነጥቀዋል። ስኳርና ወተት ለየብቻ ይቅረቡ። ወተት አንዴ የገባበት ፔርሙዝ ሽታው አይለቅም።

ከኬኩ ጎን የምስር ሳምቡሳ አስቀምጡ፤ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል። አራት ሳምቡሳ 120 ብር፣ ግማሽ ኪሎ ኬክ 450፣ ሻይ ቅጠልና ስኳር ከቅመሙ ጋር 150 ብንል 720 ብር ነው። ባለ ጠርሙሱን ፔርሙዝ ስንደምር 2,120። የ3,000 ብሩን ብረት ብትገዙ እንኳ 3,720 ነው። የሆቴሉ ሻይ ግን፣ ራይዱ ሳይቆጠር፣ 3,795 ብር ነበር። ፔርሙዙ ለከርሞም አለ፤ ጓደኛችሁ የጳጉሜን 6 ልጅ ሆና በአራት ዓመት አንዴ የምታከብር ካልሆነች በቀር።

ሆቴል የሚያዋጣው አንድ ጊዜ ነው። ጓደኛችሁ ትንንሽ ልጆች ካሏትና ቤቷም ቤታችሁም ለሁለት ሰዓት ጸጥ የማይል ከሆነ ውሰዷት። ፎቶም ከፈለገች ይገባኛል፤ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ብርሃን ያን ያህል አይደለም። ታዲያ ቅዳሜን ትታችሁ እሑድ ሂዱ፤ መንገዱ ቀለል ይላል። አንድ ሙሉ ሳህን ለሁለት መካፈል ይቻል እንደሆነም በስልክ ጠይቁ። ከሳንድዊቹ ግማሹ ተጠቅልሎ ወደ ቤት ሲመለስ አይቻለሁ። ከመቀመጣችሁ በፊት ደግሞ «ዋጋው ቫትና ሰርቪስን ያካትታል?» በሉ። ሳታፍሩ፣ ባለ ልደቷ ሳትሰማ።