ከውጭ አገር ለተመለሰ ሰው የሚሆን አጀንዳ፦ ደሴ ላይ የቱን እንግዛ?

ዓመታትን ብቻውን በሰው አገር ኖሮ ወሎ የገባ ሰው «ምን ሆኜ ሄድኩ፣ ምን ሆኜ መጣሁ?» ብሎ እየጻፈ ራሱን ማየት ከፈለገ፣ የሚበጀው ቀን ያልታተመበት፣ በክር የተሰፋ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው አጀንዳ ነው። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ሲጠየቅ ግን መጀመሪያ የሚቀርበው ሌላ ነው።

ቀን የታተመበት ለቀጠሮ ሸጋ ነው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንድ ቀን ስድስት ገጽ ይመጣል፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ምንም የለም። ባዶው ገጽ እንደ ዕዳ እየተቆለለ ሰውየውን ያሸሸዋል። ቁልፍ ያለውም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቁልፏ በጸጉር ሽቦ ትከፈታለች። ቤተ ዘመድ በሚገባ በሚወጣበት ቤት፣ ከዓረብ አገር የመጣው ሻንጣ ከነቁልፉ የተሻለ ይጠብቃል።

ስፌቱን ለማወቅ አጀንዳውን መሀል ላይ ገልጦ ማየት ይበቃል። በሉኮቹ እጥፋት ላይ ክር ከታየ የተሰፋ ነው። በሙጫ ብቻ የተያያዘው ፎቶና ትኬት ሲለጠፍበት ያብጣል፣ ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ሉኩም አንድ በአንድ ይነቀላል። የወረቀቱ ውፍረት በካሬ ሜትር 70 ወይም 80 ግራም ይሁን፤ ከዚያ የሳሳው ጽሑፉን ወደ ጀርባ ያሳያል። ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ቤት ድረስ ስለሚገባ ወረቀት እርጥበት ይይዛል፣ የጄል እስክሪፕቶ ቀለምም ይፈሳል። ተራው ቢክ ይሻላል። ከመግዛት በፊት መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር ጽፎ እርጥብ ጣት ማሳለፍ ነው፤ ካልተዝረከረከ ይወሰድ።

አጻጻፉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጊዜውን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «እንኳን ደህና ገባሽ» የሚለው እንግዳ አይቋረጥም፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ በወሬ ያልፋል። ለእንግዳ የተነገረ ነገር ደግሞ እየተደጋገመ ይቃናል፤ የሚያስቀው ይቀራል፣ የሚያሳፍረው ይወድቃል። ስለዚህ ገና ወሬው ሳይቃና፣ ከሱብሂ ወይም ከኪዳን በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ የቦታውንና የነገሩን ስም ብቻ ማስፈር ነው። ዝርዝሩ እንግዳው ሲቀንስ ይጻፋል።

ቀን ላይም ጥንቃቄ ያሻል። የፓስፖርቱ ማኅተም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሳውዲ የነበረ ሰው ሰነዱ ላይ የሒጅራ ቀንም ሊያገኝ ይችላል። ከእኛ መስከረም 1 እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። የሒጅራ ዓመት ደግሞ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ሦስቱ ከተቀላቀሉ ከሥራ መልቀቅና ሥራ መግባት ቦታ ይለዋወጣሉ፣ የትኛው ለውጥ ከየትኛው መከራ በኋላ እንደመጣም አይታወቅም። አንዱን መርጦ ሁሉንም ወደዚያ መቀየር ግድ ነው። በኢሞ ወይም በዋትሳፕ የተላከ ፎቶ ላይ የሚታየው ቀን ፎቶው የተነሳበት ላይሆን ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም።

የአጀንዳው ዋና ጥቅም ግራና ቀኙ ነው። በግራ ገጽ የሆነውና ያኔ የተደረገው፣ በቀኝ ገጽ ተመሳሳይ ነገር በኋላ ሲመጣ የተደረገው ይጻፋል። ለምሳሌ ግራው «ደመወዝ ሁለት ወር ዘገየ፤ እንዳልባረር ብዬ ዝም አልኩ» ቢል፣ ቀኙ «ሁለተኛው ቤት ሲዘገይ በሳምንቱ ጠየቅሁ፤ የተከፈለኝን በቀን መመዝገብ ጀመርኩ» ይላል። ለውጡ እዚህ በግልጽ ይታያል። «ጠነከርኩ»፣ «ታገስኩ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ግን ከወር በኋላ ሲነበብ ምንም አይናገርም። ቀኙ ባዶ ከቀረ ባዶ ይተው፤ ነገሩ ገና አልተለወጠም ማለት ነው። የጎደለውም በእኩል ይስፈር፦ ሰው ሲበዛ መጨነቅ፣ ቡና ላይ መቀመጥ ማቃት፣ ዘመድን በገንዘብ መጠርጠር። እድገቱን ብቻ የሚቆጥር አጀንዳ ግማሽ እውነት ነው።

ከ10 እስከ 12 ጉዳይ ይበቃል። ከሦስት ወር በኋላ በሌላ ቀለም እስክሪፕቶ ጨምሮ መጻፍ እንጂ የቀደመውን መሰረዝ አያስፈልግም። መጻፉ እንቅልፍ የሚነሳ ወይም ያለፈውን ክፉ ነገር እንደ አዲስ የሚያመጣ ከሆነ አቁሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል፤ ያ የአጀንዳ ሥራ አይደለም።

ይህ ዓይነት አጀንዳ ከአምስት ነጥብ አራት ይገባዋል። አንዱን ያጎደለው የወረቀት ማስቀመጫ ኪስ ስለሌለው ነው። የኋላ ሽፋኑ ላይ ፖስታ በኮላ ለጥፎ አንድ ሌሊት ከባድ ነገር ጭኖ ማሳደር ይቻላል። የሐዋላ ደረሰኞችን እዚያ ከመክተት በፊት ግን ፎቶ ኮፒ ማስነሳት ነው፤ በሙቀት የሚታተመው ወረቀት ጽሑፉ ከጊዜ በኋላ ይጠፋል።