ሳቢያን፣ ድሬዳዋ፦ ጆሮው ላበጠ ውሻ የሚሆን ክሊኒክ

ሳቢያን ያለችው ትንሿ የእንስሳት ክሊኒክ ለጆሮ እብጠት የምንመርጣት ናት። ምላጭ ከማንሳታቸው በፊት የጆሮውን ውስጥ ያያሉ።

እንደ ትራስ ልስልስ ያለ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በቆዳውና በልም አጥንቱ መሃል የተጠራቀመ ደም ነው። ውሻው ራሱን ሲያራግፍና ጆሮውን ሲያክ ትንንሽ የደም ሥሮች ይበጠሳሉ። የሚያሳክከው ግን ውስጥ ነው፦ ኢንፌክሽን፣ የጆሮ ተባይ፣ መዥገር ወይም የገባ የሣር እሾህ። እሱ ሳይታከም ደሙ ብቻ ቢመጠጥ ተመልሶ ይሞላል። እዚህ በኦቶስኮፕ (የጆሮን ውስጥ በብርሃን ማያ መሣሪያ) አይተው፣ በጥጥ ናሙና ወስደው በማይክሮስኮፕ ይመረምራሉ። የጆሮው ታምቡር አለመቀደዱን ሳያረጋግጡም ጠብታ አያዙም፤ በጠብታ የሚሰጠው ጄንታማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ በተቀደደ ታምቡር ካለፈ ውሻውን ሊያደነቁረው ይችላል።

ትልቅ እብጠት ሲሆን በማደንዘዣ በጆሮው ውስጠኛ ገጽ ቀደው የረጋውን ደም ያጥባሉ፣ ከዚያ ቆዳውን ከልም አጥንቱ ጋር በብዙ ትንንሽ ስፌቶች ያጣብቃሉ። ስፌቶቹ የጆሮውን ቁመት ተከትለው ይሄዳሉ፤ አግድም ቢሆኑ የደም ሥሮቹን ያንቃሉ። «ቁስሉን ሳይዘጉ ሰደዱን» የሚል ቅሬታ ይሰማል፣ ነገር ግን የተተወችው ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ፈሳሹ የሚወጣባት ናት። ስፌቱ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይቆያል። ቀድሞ ከወጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ጉድለታቸው የአንገት ኮን፣ ማለትም ውሻው ጆሮውን እንዳያክ አንገቱ ላይ የሚደረግ ሰፊ መከለያ፣ አለመያዛቸው ነው። ያለ ኮን ውሻው ስፌቱን በአንድ ሌሊት ሊበጥሰው ይችላል። ከቀፊራ ገበያ የፕላስቲክ ባልዲ ገዝታችሁ ታቹን በአንገቱ ልክ ቁረጡ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልሉና ከአንገት ማሰሪያው ጋር እሰሩት። የባልዲው አፍ ከውሻው አፍንጫ ትንሽ አልፎ ይውጣ፣ በአንገቱ ዙሪያም ሁለት ጣት ይግባ።

ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ቢሰጧችሁ ጠዋት እንዲሆን ጠይቁ። ማደንዘዣ የወሰደ ውሻ ሙቀቱን በደንብ አይቆጣጠርም፣ የድሬ ቀትር ደግሞ ይታወቃል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለ8 ሰዓት ያህል ምግብ አይስጡት።

ቤት ስትመለሱ ትልቁ ጠላት ዝንብ ነው፤ እርጥብ ቁስል ላይ እንቁላል ይጥላል። ውሻውን ቤት ውስጥ፣ ቢቻል በአጎበር ሥር አቆዩት። ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ በጨው ውሃ አጽዱ፣ መጠኑም ለ1 ሊትር ፈልቶ ለበረደ ውሃ 9 ግራም፣ ማለትም አንድ ተኩል ዝርግ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። አልኮል አይንካው። ለሰው የሚሸጠውን አይቡፕሮፌን አትስጡት፣ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል።

ዋጋ ስትነጋገሩ ስፌት ማውጣቱ ተጠቃልሎ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በደረሰኝ ለብቻው ሊያስከፍሉ ይችላሉ።